ቴርሚኔተር በስንት ነጥብ ይመዘገባል?

ቪዲዮ ቤት ያሳደገው ሰው ሁሉ አንድ ሕግ ያውቃል፤ አክተር አይሞትም። ጥይት ቢዘንብበት፣ ከፎቅ ቢወረወር፣ ከተማው በሙሉ በላዩ ላይ ቢናድ፣ ፊልሙ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው አቧራውን አራግፎ ይነሣል። ማን እንደሚሞትም ቀድሞ ይታወቃል። የአክተሩ ጓደኛ ነው፤ በተለይ የሚስቱን ፎቶ ከኪሱ አውጥቶ ካሳየ አለቀለት።

ይህን ሕግ በቁጥር አስፍረህ የስታር ትሬኩን ስፖክ፣ የስታር ዎርሱን ሃን ሶሎ፣ የዶክተር ሁውን ዶክተርና ቴርሚኔተርን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሳታዳላ አጫውት ሲባል ግን ነገሩ ይከብዳል። እኔ ላይ የወደቀው ሥራ ይኸው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ቤዝመንት የምንሰበሰብ ማኅበርተኞች አለን። ጽዋችን ዳይስ ነው፤ ሙሴው እኔ ነኝ።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው፤ ሰሌዳ የለውም፣ ጠጠር የለውም። ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል። አጫዋቹ «በሩ ተዘግቷል፣ ከውጭ የብረት ኮቴ ይሰማል፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ሁሉም ያወራል። የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ ይወረወራል። ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1974 ለገበያ ያበቁት ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው፤ የጨዋታው ስም ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ይባላል። ከእነሱ የተወረሰው ትልቁ ነገር ሰውን በስድስት ቁጥር መግለጽ ነው፤ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጥንካሬ፣ ዕውቀት፣ ጥበብ፣ ግርማ ሞገስ። ሦስት ዳይስ ትወረውራለህ፤ ከ3 እስከ 18 የወጣልህን ትሆናለህ። እናቴ የሰውን ልጅ ይሉኝታ ያለውና ይሉኝታ የሌለው ብላ ለሁለት ነበር የምትከፍለው። ስድስቱ ውስጥ ይሉኝታ የለም።

ማኅበርተኞቼን ላስተዋውቅ። ጋሼ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። አሜሪካ እንደገቡ ጆሯቸው እንግሊዝኛ የለመደው ስታር ትሬክ እያዩ ስለሆነ ስፖክን ለማንም አይሰጡም፤ ዛሬም እንግሊዝኛ ሲናገሩ አንድ ቅንድባቸው ብቻ ይነሣል። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ የሚነዳው ወዳጄ ሃን ሶሎ ነው። ነርሷ እህታችን ዶክተሩን ይዛለች፤ ሳምንቱን ሙሉ ዶክተር ሲያዛት ስለሚከርም ቅዳሜ እንኳ እኔ ልዘዝ ብላ ነው። የእህቴ ልጅ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከቴርሚኔተር ሌላ አትበሉኝ ይላል። ታናሽ ወንድሙ ዘግይቶ ስለተቀላቀለ የተረፈውን ወሰደ። የተረፈው ምን እንደነበር ኋላ እደርስበታለሁ።

የመጀመሪያው ጣጣ «የትኛው?» የሚለው ነው። ቴርሚኔተር ስትል የ1984ቱን ነው የ1991ዱን? የ1984ቱ ሣራ ኮነርን ሊገድል የመጣ ነው፤ የ1991ዱ ልጇን ሊጠብቅ። ያው አርኖልድ፣ ያው ብረት፣ ጠባዩ ግን ሰማይና ምድር። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያውን ጭካኔና የሁለተኛውን መወደድ አንድ ላይ ሊወስድ ፈለገ፤ ይህንን ከልክያለሁ። ሃን ሶሎም እንደዚሁ ሁለት ነው። በ1977ቱ ፊልም መጠጥ ቤት ውስጥ መሣሪያ የደቀነበትን ግሪዶን ቀድሞ ይመታዋል፤ ፊልሙ በ1997 ታድሶ ሲወጣ ግን ቀድሞ የሚተኩሰው ግሪዶ ሆኖ ተገኘ። ለአንድ ተመልካች ይህ የወሬ ርእስ ነው። ለእኔ ግን የሒሳብ ጥያቄ ነው፤ የ1977ቱ ሰውዬ እጁ ፈጣን ነው፣ የ1997ቱ ደግሞ ጥይት ማምለጥ የሚችል ነው፤ ነጥቡን ከሁለቱ የት ላይ ላስቀምጥ?

ሹፌሩ አላመነታም። «የሰባ ሰባቱን ነው የያዝኩት። መሣሪያ የደቀነብኝን ሰውዬ እስኪተኩስ ቁጭ ብዬ ከጠበቅሁ ሌሊት ታክሲ ለምን እነዳለሁ?»

ከዚያ ፓርሴክ መጣ። ሃን ሶሎ መርከቡን ሲያሻሽጥ የኬሰልን መንገድ ከ12 ፓርሴክ ባነሰ ጨርሳዋለች ብሎ ይፎክራል። ጋሼ እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ፓርሴክ የርቀት መለኪያ ነው። አንዱ ፓርሴክ 3.26 የብርሃን ዓመት ይሆናል። ይሄ ሰውዬ እኮ ከአዲስ አበባ ናዝሬት በሠላሳ ኪሎ ሜትር ገባሁ እያለን ነው!»

«አዎና ጋሼ፣» አለ ሹፌሩ፣ «አቋራጭ ያውቃላ!»

ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ፊልም ሠሪዎቹ ራሳቸው ይህንኑ መልስ በፊልም ለማሳየት 41 ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ በ2018ቱ ሶሎ የተባለ ፊልም ላይ ሰውዬው ማንም በማይደፍረው አደገኛ ስፍራ ውስጥ ቆርጦ ሲያልፍ ይታያል። የእኛ ሰው ግን ቡናውን ፉት ሳይል ነው የፈታው። ወረቀቱ ላይ «አቋራጭ ማወቅ» ብዬ የማይናቅ ነጥብ ሰጠሁት፤ ጋሼም ፈረሙበት።

ሁለተኛው ጣጣ ሚዛን ነው። ቴርሚኔተርንና አንድ ተራ ሰው አንድ ቡድን ውስጥ አሰልፎ ሁለቱም እንዲዝናኑ ማድረግ ይቻላል ወይ? ኬቨን ሲምቢዬዳ በ1990 ያወጣው ሪፍትስ የተባለ ጨዋታ መልሱ ቀላል ነው፤ ሰው ሁሉ ይግባ፣ የሞተ ይሙት። ጠንቋይም፣ ሮቦትም፣ ዘንዶም፣ ምስኪን ተማሪም አንድ ዓለም ውስጥ ናቸው። ለብረት ለበሶቹ ሌላ የጉዳት መለኪያ ተሰፍቶላቸዋል፤ የእነሱ አንዱ የእኛ 100 ነው። ታንክ የሚጭረው ነገር ሰው ላይ ሲያርፍ የሚቀበር አይገኝም። መጽሐፉን ማንበብ እወዳለሁ፤ እንዲህ ያለ እብደት በየቀኑ አይጻፍም። ማጫወቱ ግን ለብቻው ነው። በዚያ ሒሳብ በሞከርንበት ማታ የእህቴ ልጅ ብቻውን ሲዋጋ፣ ብቻውን ሲያሸንፍ፣ ብቻውን ሲጨፍር አመሸ። ነርሷ ፈንዲሻ ልታመጣ ሄደች፤ ሹፌሩ ስልኩን አውጥቶ ተሳፋሪ መኖሩን ማየት ጀመረ።

ቀጥለን ነጥብ ወደሚሸጠው ተሻገርን። ጉርፕስ ይባላል፤ በ1986 የወጣው የስቲቭ ጃክሰን ጨዋታ ነው፣ ሀገሩ ቴክሳስ። እዚህ ዕጣ ፈንታ የለም፤ ጉልበትም ዕውቀትም በነጥብ ይገዛል። ተራ ሰው ሁሉ ነገሩ 10 ነው፤ ዋጋው ደግሞ ዜሮ። (ጋሼ ይህን ሲሰሙ ዜሮ ያሉት ማንን እንደሆነ እንዳስረዳቸው ጠይቀውኛል።) የጨዋታው ውበት ጉድለት ማስመዝገብ መቻሉ ላይ ነው። አንድ ዓይና ነኝ ካልክ ነጥብ ይመለስልሃል፤ ጠላት አለኝ ካልክ ይመለስልሃል። ከጉድለቶቹ ተርታ ሐቀኝነት አለ! ሐቀኛ ነኝ የሚል ሰው ኪሳራው ታስቦ ነጥብ ይካሳል። ይህን የጻፈ ሰው እኛን ቴክሳስ ሆኖ እንዴት እንዳወቀን ይገርመኛል። የሚጦር ቤተሰብ ያለበትም ይካሳል፤ ሹፌሩ ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ። «በየወሩ ሀገር ቤት የምልከው ስንት ነጥብ ነው?» ሃን ሶሎ ዘመድ እንደሌለበት ለማስረዳት ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ።

እውነተኛው ሙግት የተነሣው ግን በስፖክ ነው። የእህቴ ልጅ መጽሐፉን ገልጦ፣ የሚረዳ መስሎት፣ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ቀልድ አለማወቅ የሚል ጉድለት አለ፤ 10 ነጥብ ያስመልስልዎታል» አላቸው።

«ለማን?»

«ለስፖክ ነዋ። ቀልድ አይገባውም።»

«ይገባዋል። አይስቅም።»

«ስሜት የለውም እኮ ጋሼ።»

«ስሜት የለውም ያለህ ማነው? እናቱ የኛው የምድር ሰው ናት፤ በአባቱም ቢሆን ቩልካኖች ስሜታቸው ከእኛ የበረታ ነው። አደባባይ አያወጡትም እንጂ። ይሄ ጉድለት አይባልም ልጄ፤ ጨዋነት ነው።»

«መጽሐፉ ጉድለት ነው የሚለው።»

«መጽሐፉን ማን አሳደገው?»

ዐሥሩን ነጥብ ጋሼ አልነኩትም። ይልቁንስ ስፖክ ሆዱ እየነደደ ፊቱ የማይለወጥበት ችሎታ እንዲገዛላቸው ጠየቁ፤ ሁለት ጊዜ ነው የከፈሉበት። ስፖክን ከእሳቸው የተሻለ የተረዳው ሰው አላየሁም። ብዙ ሰው ፊልም ወደ ጨዋታ ሲያመጣ ጀግናው ምን ማድረግ እንደሚችል ይዘረዝራል፤ እሳቸው ምን ማድረግ እንደማይፈቅድ ነው የጻፉት። ከዚያ በኋላ ሰውዬው በራሱ መሄድ ጀመረ።

ቴርሚኔተርን ያለዘበልኝም ይኸው ዓይነት ነገር ነው። በ1984ቱ ፊልም የጊዜ መሣሪያው ሕያው ሥጋ ካልሆነ በቀር አያሳልፍም። ልብስ የለ፣ መሣሪያ የለ። ስለዚህ በሕጉ መሠረት ቴርሚኔተር ጨዋታውን የሚጀምረው ባዶ እጁን፣ እንደተወለደ ሆኖ ነው። እኔ ሚዛን ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ። የእህቴ ልጅ አኮረፈ። ጋሼ ግን ወደ ትንሹ ልጅ በዓይናቸው እየጠቀሱ «እዚህ ሕፃን አለ፤ ጋቢ አልብሱት» አሉ። ወረቀቱ ላይ ከብረት አጽሙ ሥር «ጋቢ፣ አንድ» ተብሎ ሰፈረ። የእህቴ ልጅ ወዲያው ጋቢው ጥይት ስንት ይቀንሳል ብሎ ጠየቀ። ምንም፣ አልኩት። ጋሼ ጣልቃ ገቡ፤ ለጥይት ባይሆንም ጋቢ የለበሰ ሰው ላይ ማንም ዘሎ አይተኩስም፣ መጀመሪያ ጤና ይስጥልኝ ይላል። አሳማኝ ነበር። ግርማ ሞገሱ ላይ አንድ ጨመርኩለት።

ዶክተሩን ወደ ወረቀት ማምጣት ከሁሉም አስቸጋሪ ይመስላል፤ በ1963 ቢቢሲ ላይ የጀመረ፣ ሊሞት ሲል መልኩን ለውጦ የሚነሣ፣ ውስጡ ከውጪው በሚሰፋ ሰማያዊ የፖሊስ ሣጥን ጊዜን የሚያቋርጥ ፍጡር ነው። መሣሪያው ግን ድምፅ የሚያወጣ መፍቻ ናት፤ እሷም እንጨት ላይ አትሠራም። ነርሷ ይህን ካወቀች ወዲህ በየደረስንበት «በሩ ብረት ነው እንጨት?» ሳትል አትገባም። በ2009 የወጣው የዶክተሩ ጨዋታ ደግሞ ከማደንቃቸው ሕጎች አንዱን ይዟል። በሌሎች ጨዋታዎች ውጊያ ሲጀመር ፈጣኑ ይቀድማል። በዚህ ግን ቅድሚያ የሚያገኘው የሚናገር ነው፤ ቀጥሎ የሚሮጥ፣ ቀጥሎ ሌላ ነገር የሚሠራ፣ መጨረሻ ላይ የሚመታ። ዶክተሩ ጠላቱን በንግግር የሚያሸንፍ ሰው ስለሆነ ሕጉ ከሰውዬው ጋር ልክክ ይላል።

ይህን ሕግ የጻፉት እንግሊዞች መሆናቸውን አልዘነጋሁም። እኛ ቤት ውስጥ ተናጋሪ ይቅደም ሲባል ምን እንደሚሆን አይታችሁታል። ዳሌክ ከፊታችን ቆሟል፤ ከብረት ዕቃው ውስጥ አጥፋ አጥፋ ከማለት በቀር ሌላ ሐሳብ የሌለው ፍጡር። ስፖክ ማጥፋት ከሎጂክ አንፃር የማያዋጣ መሆኑን በሦስት ነጥብ ከፋፍሎ አስረዳ። ሃን ሶሎ ዋጋ ጠየቀው። ዶክተሯ ስሜቱ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ሌሊት ይብስበት እንደሆነ መረመረችው። ሁሉም ተናጋሪ ነው፤ ሁሉም ከዳሌኩ ይቀድማል። ዳሌኩ ተራው ሳይደርሰው አቦል አልቆ ቶና ተቀዳ። የእህቴ ልጅ ቴርሚኔተሩን ይዞ መጨረሻ ላይ እንደ ዘበኛ ቆሟል።

ባለቤቴ ደረጃው ላይ ቆማ ትልልቅ ሰዎች ስለሌሉ ሰዎች መከራከራችን ይገርማታል። የስታር ዎርስ ጨዋታ በ1987 ሲወጣ የተጻፉት መጽሐፎች በኋላ ለልቦለድ ደራሲው ለቲሞቲ ዛን እንደ ማጣቀሻ ተሰጥተውት ነበር፤ የ1991 ልቦለዱ ላይ ያሉ የፍጡራን ስሞችና ዝርዝሮች ብዙዎቹ ከእኛ ቢጤ ጠረጴዛ የመጡ ናቸው ብዬ ነገርኳት። «እንግዲያው ደመወዝ ይክፈሉሃ» አለችና መብራቱን ማጥፋት እንዳንረሳ አዝዛ ሄደች።

ወደ ዋናው ልግባ። ጉልበትም፣ ጨዋነትም፣ አቋራጭም በቁጥር ከሰፈረ በኋላ አንድ የጎደለ ነገር ነበር። ዳይስ አያዳላም። ደራሲ ያዳላል። ሃን ሶሎ የአስትሮይድ ናዳ ውስጥ ገብቶ የሚወጣው ጎበዝ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ፊልሙ ገና ስላላለቀ ጭምር ነው። ይህንን አድልዎ ነጥለህ ካልጻፍከው፣ ወረቀት ላይ ያለው ሃን ሶሎ በመጀመሪያው ክፉ ውርወራ ይሞትና ባለቤቱ ኮቱን ለብሶ ይሄዳል። ጨዋታ ሠሪዎች ይህን ካወቁት ቆይቷል፤ በ1983 የወጣው የጄምስ ቦንድ ጨዋታ እንኳ ተጫዋቹ ክፉ ውጤት ሲመጣበት እየከፈለ የሚያሻሽልበት የጀግና ነጥብ ነበረው። ፌት የተባለውማ ይህንን ነጥብ የጨዋታው ምሰሶ አድርጎታል።

ከሁሉ የገዛኝ ግን የዶክተሩ ጨዋታ ነው። እዚያ ዶክተሩ ኃይሉ ስለበዛ የዕድል ነጥቡ ያንሳል፤ አብራው የምትጓዘው ተራ ሰው፣ የሱቅ ሠራተኛም ትሁን፣ ከእሱ የበለጠ ዕድል ይዛ ትነሣለች። ጉልበት የሰጠኸውን ዕድል ትነሣዋለህ ማለት ነው። ሕጉን ለቤታችን ሰፋሁት። ቴርሚኔተር አንድ ዕድል። ዶክተሯና ስፖክ ሁለት ሁለት። ሃን ሶሎ ሦስት። የቀረው ሁሉ፣ ስምንቱም፣ ለትንሹ ልጅ።

ምክንያቱም ለትንሹ ልጅ የተረፈችው ቀይ ሸሚዝ ነበረች። ከ1966 ጀምሮ ስታር ትሬክ ያየ ያውቃል፤ ካፒቴኑና ስፖክ ወደማይታወቅ ፕላኔት ሲወርዱ አብሯቸው ቀይ የለበሰ አንድ ጠባቂ ይወርዳል፤ ስሙን ሳንሰማ ይሞታል። ሥራው መሞት ነው፤ ቦታው አደገኛ መሆኑን ለእኛ ለማሳወቅ። ሁሉ ነገሩ 10፣ ዋጋው ዜሮ፣ ስም የለው። ታላቅ ወንድሙ ወረቀቱን አይቶ ስቆበታል።

ባለፈው ዳሌኩ መጨረሻ ላይ ተራው ደረሰው። ንግግሩ አልሠራም፤ ሸሽተን ወደ ዳሌኩ መርከብ ላይኛ ፎቅ ወጣን። ሹፌሩ «ደረጃ አይወጣም፣ በርሜል እኮ ነው!» ብሎ እጁን አጨበጨበ። እንግሊዞችም ለብዙ ዓመት ሲቀልዱበት የኖሩት ይኸው ነበር። ነርሷ ግን ፊቷ ጠቆረ፤ በ1988ቱ ክፍል ዳሌክ ከመሬት ተንሳፍፎ ደረጃ ሲወጣ አይታለች። አጭበርብሬ ዝም ልል ስል እሷው አወጣችው። ዳሌኩ ተንሳፈፈ።

ቴርሚኔተር ጋቢውን አጣፍቶ ከፊት ቆመ። ዳሌኩ ጤና ይስጥልኝ አላለም። ዳይሱ ተወረወረ፤ ክፉ ወጣ። የእህቴ ልጅ «ዕድሌን!» ብሎ ጮኸና ወዲያው ትዝ አለው። አንዲት ዕድሉን ልኩ የሆነ ሱሪ ለማግኘት አጥፍቷታል። ብረቱ ከነጋቢው ከደረጃው ሥር ተዘረጋ።

ቀጥሎ ያለው ቀይ ሸሚዙ ነው። ልጁ ሃያ ገጽ ያለውን ዳይስ ወረወረ፤ 1። ዕድል ከፈለ፤ 4። ከፈለ፤ 2። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጁ ሌላ ሁለት ነጥብ አወጣና «ግድግዳው ላይ የእሳት ማጥፊያ አለ» አለኝ። በሕጉ ይፈቀድለታል፤ ነጥብ የከፈለ ሰው አለ ካለ አለ። «ዓይኑ ላይ እረጫለሁ።» ዳሌክ ዓይኑ አንድ ናት፣ ከፊት የተቀሰረች። 17 ወጣ። የታወረው ዳሌክ ሲተኩስ የገዛ ኮርኒሱን አፈረሰና ከነብረት ዕቃው ተንከባለለ።

ጩኸቱን ሰምታ ባለቤቴ ወረደች። ታላቅ ወንድሙ ሳይቀር ትንሹን ትከሻው ላይ አወጣው። ጋሼ ተነሥተው ቆሙ፤ ቀይ ለብሶ የተረፈ ሰው ስም ሊወጣለት ይገባል፣ ያለ ስም አይቀመጥም፣ አሉ። ሹፌሩ ደፋሩ ይባል አለ። ነርሷ አድነው ይባል አለች። ጋሼ የክርስትና ስምም ያስፈልገዋል ብለው የዕለቱን ታቦት መቁጠር ጀመሩ።

ልጁ ከትከሻ ሳይወርድ ወደ እኔ ዞረ። «አጎቴ፣ ስም ካወጡልኝ የዕድል ነጥቤ ይቀነሳል?»

ሕጉን አየሁ። ስም ያለው ሰው አክተር ነው፤ ከሦስት በላይ አይዝም።

«እንግዲያው ይቅርብኝ» አለ።